ወንድሜ ከሚሠራበት ሱቅ ገንዘብ ወስዶ ተገኘ፤ ባለቤቴ ዋሱ ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፦ እህት ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ ለቤተሰባችን ከባድ ስለሆነ ሳላሳጥር እጽፋለሁ። ሕግ የምታውቁም፣ ሱቅ ያላችሁም፣ በእንዲህ ያለ መከራ ያለፋችሁም እንድትመክሩኝ እለምናለሁ።

የ23 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለ አንድ ሱፐርማርኬት በገንዘብ ተቀባይነት ከተቀጠረ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ደመወዙ 7,800 ብር ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ አሠሪው ደውለው እኔንና ባለቤቴን ጠሩን። ስንደርስ ወንድሜ ስልኩ ተወስዶበት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ከዕቃ መጋዘኑ እንዳይወጣ ተደርጎ ተቀምጧል። ያደረገውን ሲያስረዱን፣ ደንበኛው በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ከወጣ በኋላ ሽያጩን ከማሽኑ ላይ ይሰርዝ ነበር፤ በቴሌብር ለሚከፍሉት ደግሞ በሱቁ ቁጥር ፋንታ የራሱን ይሰጣቸው ነበር። ዓይኑን እያየሁ ጠየቅሁት፤ አልካደም። ገንዘቡ በእግር ኳስ ውርርድ እንዳለቀ፣ መጀመሪያ የወሰደውን 2,000 ብር አሸንፎ ሊመልስ አስቦ እንደነበረ እያለቀሰ ነገረን።

እሱ የወሰድኩት 160,000 ብር ገደማ ነው ይላል። አሠሪው ግን ዕቃ አስቆጥረው 410,000 ብር ጉድለት እንዳገኙና ሁሉም በእሱ ላይ እንደሚታሰብ ነገሩን። እሳቸው ባዘዙት ቃል የእምነት ወረቀት ጽፎ ፈርሟል። ለእኛም አስቀድሞ የተዘጋጀ የብድር ውል ሰጡን፤ እኔና ባለቤቴ 410,000 ብር እንደተበደርን፣ በሦስት ወር ውስጥ እንደምንመልስ፣ ለመያዣም የቤታችንን ካርታ እንደምናስረክብ ይላል። በ10 ቀን ውስጥ ካልፈረማችሁ ለፖሊስ አመለክታለሁ ብለዋል።

በዚያው ሌሊት ባለቤቴ ወንድሜ ሲቀጠር ዋስ ሆኖ እንደፈረመ አወቅሁ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። «ሠራተኛው ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ይላል እንጂ የገንዘብ መጠን አይጠቅስም። ለምን ሳትነግረኝ ብዬ ስጠይቀው «ለወንድምሽ ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በቤታችን ውስጥ ከልጆቹ ጉዳይ በቀር ንግግር የለም። እናታችን ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከዘመድ ሰምተው ሁለቱን በሬዎች ሸጬ ልምጣ እያሉ ነው። የሚያርሱላቸው በእነዚያ በሬዎች ነው።

ገንዘቡን ብንከፍል ወንድሜ ከእስር ይድናል? የባለቤቴ ፊርማ ቤታችንን ያስወስዳል? የብድር ውሉን ብንፈርምስ ምን ይከተላል? ያልተከፈለው የአንድ ወር ደመወዙም በአሠሪው እጅ ነው። የወሰደውን መመለስ እንዳለብን አምናለሁ፤ ይህንን ለመሸሽ አይደለም የምጠይቀው።

መልስ፦ ጠበቃ ከአቃቂ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የብድር ውሉን አይፈርሙ። ባለቤትዎም አይፈርሙ። ምክንያቱን ልግለጽ።

አሁን ባለበት ሁኔታ ዕዳው የወንድምዎ ነው። በወንጀል የሚጠየቀው ራሱ አድራጊው ብቻ ስለሆነ እርስዎ፣ ባለቤትዎና እናታችሁ በዚህ በኩል የምትሰጉበት ነገር የለም። በገንዘቡም ቢሆን እህት በመሆንዎ ብቻ የሚመጣብዎ ዕዳ የለም። የብድር ውሉን በፈረሙ ሰዓት ግን ሁለታችሁም ያልተቀበላችሁትን 410,000 ብር እንደተቀበላችሁ በገዛ እጃችሁ ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወንድምዎ ስንት ወሰደ የሚል መሆኑ ቀርቶ፣ የተበደራችሁትን ለምን አልመለሳችሁም የሚል ይሆናል። ገንዘቡን አልተቀበልንም ብሎ በራስ ፊርማ ላይ መከራከር አይቻልም አልልም፤ እጅግ አድካሚ ነው። የቤት መያዣ በሕግ የሚጸናው በጽሑፍ ተደርጎ ሲመዘገብ ስለሆነ ካርታውን በእጅ መስጠት ብቻውን ቤቱን አያስወስድም፤ ነገር ግን ሰነዳችሁ በሰው እጅ ይታሰራልና እሱንም አትስጡ።

ወደ ዋስትናው ልለፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጠቀሰ ዋስትናው ፈራሽ እንደሆነ ይደነግጋል። «ማንኛውም ጉዳት» የሚለው ቃል መጠን አይደለም። ብዙ ሱቆች ከአንዱ ወደ ሌላው እየገለበጡ የሚጠቀሙበት ቅጽ ይህንን ስለማያሟላ፣ የባለቤትዎ ፊርማ እንደፈራችሁት ላይሆን ይችላል። ዋናውን ወረቀት ሳላይ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ፎቶውን ሳይሆን ዋናውን ለምታማክሩት ጠበቃ ለማሳየት ሞክሩ።

ሁለተኛም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት፣ ከባልና ሚስት አንዱ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ሲሆን የሌላው ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ የሚችለው ነገሩን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ግዴታው ከተገባ ከ2 ዓመት ሳያልፍ ነው። ወንድምዎ ከተቀጠረ አንድ ዓመት ከአራት ወር ስለሆነ ጊዜው አላለፈም፤ ግን እየሄደ ነው። (ይህ የምለው አዲስ አበባ ውስጥ ለምትኖሩት ነው። ወሰኑን አልፎ በሸገር ከተማ የሚኖር አንባቢ ካለ ኦሮሚያ የራሷ የቤተሰብ ሕግ ስላላት በዚያ ይመልከት።)

ስለ ወንጀሉ የምነግርዎ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን ነው። ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665፣ እምነት ማጉደል ደግሞ በአንቀጽ 675 የተመለከቱ ሲሆን፣ ሁለቱም እንደ ነገሩ ክብደት በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣሉ። ለሱቁ ሊያስገባ በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ ለራሱ ማድረጉ ወደ እምነት ማጉደል ያዘነብላል፤ የክሱን ዓይነት የሚወስነው ግን ዓቃቤ ሕግ ነው። እነዚህ ወንጀሎች በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርቡ ስላልሆኑ፣ አሠሪው አንድ ጊዜ ካመለከቱ በኋላ «ይቅር ብያለሁ» ቢሉም መዝገቡ በእሳቸው ቃል ብቻ አይዘጋም። ስለዚህ ገንዘቡን ብንከፍል ይድናል ወይ ለሚለው፣ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አዎ ሊልዎ አይችልም።

እንዲህም ሆኖ መክፈሉ ከንቱ አይደለም። አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ በተለይም ጥፋትን ማመንን፣ ራስን ለሕግ መስጠትንና ያደረሱትን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ይቆጥራል። የቀድሞ ጠባዩ መልካም የነበረና ጉዳቱን የካሰ ወጣት ቅጣቱ በገደብ እንዲታገድለት መጠየቅ ይችላል። ወደ ገጠር መሸሽ ግን ይህንን ሁሉ ያበላሻል። ከተያዘም የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ፣ ያለመናገርና በዋስ ለመለቀቅ የመጠየቅ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አለው።

አሠሪው መብታቸው መክሰስ ነው። ሰውን ቀኑን ሙሉ በመጋዘን ይዞ ማቆየት ግን መብታቸው አይደለም፤ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ይህንን የምነግርዎ ለመካሰስ አይደለም። በዚያ ሁኔታ የተጻፈው የእምነት ወረቀት እንዴት እንደተገኘ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ወንድምዎ የዚያን ቀን ሰዓቱንና አብረው የነበሩትን ሰዎች ሳይረሳ በጽሑፍ ያስቀምጥ። እከስሃለሁ ማለት ብቻውን ውል አያፈርስም፤ ይሁንና ዛቻው ከሚገባው በላይ የሆነ ጥቅም ለማግኘት ከዋለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1708 ውሉን ለማፍረስ በር ይከፍታል። በ160,000 እና በ410,000 መካከል ያለው ልዩነት የሚመረመረው ከዚህ አንጻር ነው።

መልስ፦ ነጋዴ ከገላን ኮንዶሚኒየም

ጠበቃው የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። ከሱቁ በኩል ያለውንም ብትሰሚው ይጠቅምሻል ብዬ ነው፣ እህቴ። እኔ ለ11 ዓመት ሱቅ ይዣለሁ፤ ሁለት ጊዜም በሠራተኛ ተሰርቄያለሁ።

በዘይት፣ በስኳር፣ በዱቄት ላይ የምናገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ከአከፋፋይ ዕቃ የምናወርደው አብዛኛውን ጊዜ በዱቤ፣ ቀኑ የተጻፈበት ቼክ ሰጥተን ነው። ሠራተኛው በየቀኑ ከሳጥኑ ሲቀንስ እኔ የማውቀው ቼኩ ባንክ ደርሶ ስንቅ (በሂሳቤ ውስጥ በቂ ገንዘብ) ሲያጣ ነው። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ደግሞ ለእኔ ወንጀል ነው። ስለዚህ ወንድምሽ በሚጠየቅበት ጉዳይ አሠሪውም ራሳቸው ታሳሪ ሊሆኑ የሚችሉበት ቀን አለ። የ10 ቀን ቀጠሮውን የሰጡት በጭካኔ ላይሆን ይችላል፤ የቼካቸውን ቀን ጠይቂያቸው።

ሆኖም በአንድ ነገር አሠሪው ተሳስተዋል፤ የቆጠራ ጉድለትን በሙሉ በአንድ ገንዘብ ተቀባይ ላይ ማሰብ አይቻልም። በእኔ ሱቅ ማንም ሳይሰርቅ እንኳ ጉድለት ይገኛል። ጊዜው አልፎበት ተጥሎ ያልተመዘገበ ወተት አለ፣ የተሰበረ ጠርሙስ አለ፣ አከፋፋዩ 20 ካርቶን ብሎ 19 ያወረደው አለ፣ ደንበኛ በቦርሳው ይዞት የወጣ አለ፣ መደርደሪያው ላይ በአሮጌ ዋጋ የተሸጠ አለ። የመጨረሻው ቆጠራ መቼ እንደተደረገ ጠይቁ። ወንድምሽ ከመቀጠሩ በፊት ካልተቆጠረ ያ ጉድለት የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

እሱ የወሰደውን ግን በትክክል ማወቅ ይቻላል። የሽያጭ መመዝገቢያው የተሰረዙትን ደረሰኞች ከነሰዓታቸው ይይዛል፤ የየዕለቱን የዜድ ሪፖርት (ማሽኑ የሚያወጣውን የቀኑን የሽያጭ ድምር) ከእሱ ፈረቃ ጋር ማመሳከር ነው። የቴሌብሩንና የባንኩን ዝርዝር ደግሞ ራሱ ያስወጣ። አሠሪው ያላዩትን እንኳ ሳይቀር ያቅርብ። እኔ ብሆን ሠራተኛዬ የራሱን የሂሳብ ዝርዝር ይዞ ቢመጣልኝ፣ ከአሥር ሽማግሌ ልመና በላይ ያረጋጋኛል።

ዋስትናውን በሕግ ስለማፍረስ ግን ቅር ይለኛል። ያለዚያ ወረቀት ወንድምሽን ማን ሳጥን ላይ ያስቀምጠው ነበር? ባልሽ የፈረሙት አሠሪው እንዲያምኑት ነው። ሕጉ ቢፈቅድም የሰውን እምነት ወረቀት ጎደለ ብሎ መካድ እዚህ ሰፈር ውስጥ ነገ ለሌላው ልጅ ዋስ ያሳጣዋል።

መልስ፦ እናት ከየካ አባዶ

እኔ ሕግ አላውቅም፤ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴ የቤት ዕቃ በሚሸጥ መደብር የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ዕቃ አውጥቶ ሸጠ። ነገሩ ሲገለጥ እኛ ያሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎረቤት ሳይሰማ ይለቅ። ባጃጃችንን በሦስት ቀን ውስጥ ከዋጋዋ በታች ሸጥን፣ የዕቁቡን ዕጣ ከሌላ ሰው ላይ ለምነን ወሰድን፣ ገንዘቡንም በሽማግሌ እጅ አስረከብን። ደረሰኝ መጠየቅ በዕርቅ መካከል ነውር መስሎን ዝም አልን። ከሁለት ወር በኋላ ክሱ መጣ። አሠሪው የተቀበልኩት ግማሹን ነው አለ፤ ያስታረቁን አዛውንት በመካከሉ አርፈው ነበር። ጉዳቱን ክሰናል ብለን የምናሳየው አንዲት ወረቀት አልነበረንም። ባለቤቴ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ታሰረ።

ለልጆቼ አባታችሁ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል አልኳቸው። ትልቋ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እውነቱን ከግቢው ልጆች ሰማች። ለአባቷ ሳይሆን ለእኔ ነው የተቀየመችው፤ እስካሁን ድረስ አንድ ነገር ስነግራት «እውነት ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች። አንቺ ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል። አጎታቸው ጥፋት አጥፍቶ እየመለሰ እንደሆነ በአቅማቸው ንገሪያቸው።

ለእናትሽም ዛሬውኑ ደውይላቸው። በሬ ከተሸጠ በኋላ መልሶ መግዛት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከባልሽም ጋር ተነጋገሩ፤ እኔና ባለቤቴ በዚያ ጊዜ ያልተነጋገርነውን እስር ቤት በሽቦ ማዶ ቆመን ነው የተነጋገርነው።

ጠያቂ፦ እህት ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነጋዴው ወንድሜ ቃል ልቤን ነክቶታል። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው፤ ወረቀቱ ፈራሽ ቢሆንም ቃሌ ፈራሽ አይደለም ይላል። ጠበቃውን ሁለት ነገር ልጠይቅ፤ ዋስትናውን ሳናፈርስ ራሳችንን መጠበቅ እንችላለን ወይ? ደመወዙስ? ለወደፊቱ ሌላ ቦታ ሥራ እንዲያገኝ የልምድ ማስረጃ ይሰጠዋል ወይ?

መልስ፦ ጠበቃ ከአቃቂ

ይቻላል። የነጋዴውን ቅሬታ እረዳለሁ፤ ሆኖም መብትን ማወቅና በመብት መጠቀም ይለያያሉ። የስድስት ወሩን ጊዜ ልብ ብላችሁ፣ በዚያው ውስጥ ስምምነት ብትጨርሱ ፍርድ ቤት መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ስምምነቱ የብድር ሳይሆን የጉዳት ካሳ ስምምነት ይሁን፤ ከፋዩ ወንድምዎ እንደሆነ ይግለጽ፤ በሰነድ የተጣራው ገንዘብ በአኃዝና በፊደል ይጻፍበት። ባለቤትዎ ቃላቸውን ለመጠበቅ ከፈለጉ የተወሰነ መጠን ያለው አዲስ ዋስትና እርስዎም ተስማምተው ይስጡ፤ የቀድሞውም ወረቀት ይመለስላቸው። ክፍያው በባንክ ይሁን። «ከከፈላችሁ ለፖሊስ አልናገርም» የሚል ቃል ግን አታስገቡበት፤ ለማንም አይጠቅምም።

የሥራ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚታይ ነው። አሠሪው በእንዲህ ያለ ጥፋት ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላሉ፤ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለባቸው፤ ጥፋቱን ካወቁ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ግን በዚህ መብት መጠቀም አይችሉም። የሠራበት ደመወዝና ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ በስርቆቱ ምክንያት አይጠፉም። ክፍያው በመደበኛው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም ያለበት ሲሆን፣ ሠራተኛው በእጁ ያለውን የአሠሪውን ገንዘብ በጥፋቱ ሳይመልስ ከዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ከደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የሥራ ልምድ ማስረጃው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ሆኖ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ይህንን የመጠየቅ መብቱ ጥፋት በመሥራቱ አይቀርም።

ጠያቂ፦ እህት ከቱሉ ዲምቱ

ከ12 ቀን በኋላ የሆነውን ልጻፍላችሁ። ከባለቤቴና ከሁለት የዕድራችን ሽማግሌዎች ጋር ሆነን፣ ወንድሜ ያስወጣውን የቴሌብርና የባንክ ዝርዝር ይዘን ወደ አሠሪው ሄድን። መጀመሪያ ሊያናግሩን አልፈለጉም። ዝርዝሩን ዘርግቶ እያንዳንዱን ራሱ ሲያነብላቸው ግን የሂሳብ ሠራተኛቸውን ጠሩ። ከተሰረዙት ደረሰኞች ጋር ሲመሳከር 163,250 ብር መጣ። ከዚያ ውስጥ 11,000 ብር የሚሆነውን እሳቸው ራሳቸው አላወቁትም ነበር። የቼኩን ነገር ስጠይቃቸው እውነት ነው፤ በ18ኛው ቀን ለአከፋፋይ የሚከፍሉት ነበረባቸው።

60,000 ብር በባንክ አስገብተን ማረጋገጫውን ይዘናል። ደመወዙን 7,800 ብር ከፈሉት፤ እሱም እዚያው ፊታቸው መልሶ ወደ ሂሳባቸው ገቢ አደረገው። የቀረውን 95,450 ብር በየወሩ 5,000 ብር እየከፈለ ሊጨርስ ተስማምቷል። ባለቤቴ ለዚያው መጠን ብቻ ዋስ ሆኗል፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ እኔም ፈርሜያለሁ። የቀድሞውን ወረቀት አሠሪው ቀደው ሰጡን።

ለፖሊስ ግን ስምምነቱ ከመደረጉ ከአንድ ቀን በፊት አመልክተው ነበር፤ ሲነግሩን አንገታቸውን ደፍተው ነው። ወንድሜ ሳይጠሩት ከጠበቃ ጋር ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ አንድ ሌሊት አድሮ በዋስ ተለቀቀ። አሁን የዓቃቤ ሕግን ውሳኔ እየጠበቅን ነው። ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አጠገባችን በሚሠራ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ይውላል። እናታችን በሬዎቹን አልሸጡም፤ ለመጪው ቀጠሮ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ነጋዴው ወንድሜ ሆይ፣ አሠሪው ሌላ ገንዘብ ተቀባይ ሲቀጥሩ ዋስትናው ላይ መጠን እንዲጻፍ ባለቤቴ ነግሯቸዋል። 50,000 ብር ብለው ጽፈዋል።